ዓይን ሲደክም፦ ከመብራት እስከ አጉሊ መነጽር፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ አጉሊ መነጽር አትግዙ። አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ወደ ታች በሰፊው እንመጣበታለን። ግን የእናቱ ወይም የአባቱ ዓይን ሲደክም አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሱቅ ነው። ትልቅ አጉሊ መነጽር ይገዛል፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክለት ያስቸግራል። እናት ሁለት ሦስት ቀን ይሞክሩታል። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ መገልበጡ ነው። ሐኪም ይቅደም። ከዚያ መብራት፣ ከዚያ የዕቃ ቀለም፣ ከዚያ የቤቱ አቀማመጥ። መነጽሩና ስልኩ ቀጥለው ይመጣሉ። መብራቱ፣ ቀለሙና አቀማመጡ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ አይጠይቁም።

ይህን የምጽፈው "ጭላንጭል" ለሚያዩ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። መነጽር አድርገውም፣ ታክመውም ጥርት ብሎ ለማይታያቸው፣ ግን ጨርሶ ላልጨለመባቸው።

አንድ፦ "ይህ የሚስተካከል ነው ወይ?"

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት፣ ከሕዝቡ 3.7 በመቶ የሚሆነው እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ምክንያቱ ሲታይ 42.3 በመቶው የዓይን ሞራ፣ 33.4 በመቶው ደግሞ በመነጽር የሚስተካከል ችግር ነው። ደምሩት፤ ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። መነጽርም ተለክቶ ይታዘዛል። "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ተብለው ቤት ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ያለ ምክንያት ነው የተቀመጡት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን፣ ጎንደር አካባቢ ያላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን የማታውቁ አይመስለኝም። ሌላ ቦታ ያላችሁ በቅርባችሁ ያለው ሆስፒታል የዓይን ክፍል እንዳለው ጠይቁ። ስትሄዱ ቤት ያሉትን የድሮ መነጽሮች ሁሉና የሚጨመረውን ጠብታ ከነብልቃጡ ያዙ። ደግሞ "አይታየኝም" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ያቃታችሁን ሥራ በስም ጥሩ። ዳዊት መድገም አቃተኝ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ፣ ስልክ ላይ የደወለውን ሰው ስም ማየት አቃተኝ። መነጽር የሚለካው ባለሙያ፣ ኦፕቶሜትሪስቱ፣ መፍትሔ የሚፈልገው ለሥራው ነው። መርፌና ዳዊት አንድ ዓይነት መነጽር አይፈልጉም።

ሳትጠይቁ የማትወጡት ሦስት ጥያቄ አለ። በቀዶ ሕክምና ወይም በመነጽር ይስተካከላል? የተጎዳው የእይታው መሃል ነው ወይስ ዳሩ? መቼ እንመለስ? ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ግማሹ የተንጠለጠለው በዚያ መልስ ላይ ነው።

ካርዱ ላይ 6/60 የሚል ብታዩ ትርጉሙ ቀላል ነው። ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር ርቀት የሚያየውን ፊደል ታካሚው ለማየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚሻለው ዓይን ከ6/18 በታች ሲወርድ መካከለኛ የእይታ መድከም ብሎ ይመዘግባል፤ ከ3/60 በታች ሲሆን ደግሞ ዓይነ ስውርነት ይለዋል።

ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሕመም ነው ከተባላችሁ ጠብታው የዕድሜ ልክ ነው። የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ለውጥ አላየሁበትም ተብሎ የሚቋረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ፀበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ጠብታው ግን አብሮ ይሂድ። አጨማመሩ ደግሞ እንዲህ ነው። ጋደም ብሎ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ማድረግ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመሃላቸው አምስት ደቂቃ ይቆይ። ብልቃጦቹ ስለሚመሳሰሉ አንዱ ላይ የገንዘብ ላስቲክ ጠምጥሙበት።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ነገርም አለ። እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ከታየ፣ መጋረጃ እንደወረደ ያህል ከከለለ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ በኃይል ካመመ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ሁለት፦ የቀረው የትኛው በኩል ነው?

መሃሉ የጠፋበት ሰው ፊታችሁን ሲያይ አፍንጫና ዓይናችሁ ድብልቅልቅ ይልበታል። ጆሯችሁና ትከሻችሁ ግን ይታየዋል። መንገድ ሲሄድ ብዙም አይቸገርም። የሚያቅተው ማንበብና ሰው መለየት ነው። ጎረቤት "ደጅ ላይ ዐይታኝ ዘጋችኝ፣ ኮራች" የሚላት ሴት ብዙ ጊዜ ይህ ነው ያለባት። ደፍ ተሻግራ፣ ጉድጓድ ዘላ፣ ቀጥ ብላ ስትመጣ ያያል፤ ታዲያ ሰላምታ ለምን ነሳችኝ ይላል።

ዳሩ የጠፋበት ሰው በተቃራኒው ነው፤ በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ቁጠሩት። ግላኮማ ሲበረታ እንዲህ ያደርጋል። ጋዜጣ ሊያነብ ይችላል፣ በርጩማ ግን ይጥለዋል። ለዚህ ሰው ፊደል ማግዘፍ ሁልጊዜ አይረዳም። ፊደሉ በገዘፈ ቁጥር በጠባቧ ቀዳዳ የሚገባው ቃል ያንሳል። እሱን የሚረዳው ብርሃን፣ የቀለም ልዩነትና አንገትን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች እያዞሩ መቃኘት ነው። ክፍል ሲገባ ቆም ብሎ መጀመሪያ ወለሉን፣ ከዚያ ግራና ቀኙን ይቃኝ።

ሦስተኛው ሁሉንም ነገር ጭጋግ የለበሰበት ነው። ትራኮማ ጠባሳ የጣለበት፣ ሞራው ገና ያልወጣለት። እሱን በጣም የሚያስቸግረው ነጸብራቅ ነው።

መሃሉ ለጠፋበት ሰው አንድ ልምምድ አለ። ፊት ለፊቱ በአንድ ሜትር ርቀት ተቀመጡ። አፍንጫችሁን ይይ። ይጠፋበታል። አሁን ዓይኑን ወደ ግንባራችሁ ያንሣ፤ አፍንጫው ወጣ? ካልወጣ ወደ ቀኝ ጆሮ፣ ወደ አገጭ፣ ወደ ግራ ጆሮ። በአንደኛው አቅጣጫ አፍንጫው ከጭጋጉ ብቅ ይላል። ያቺ ናት የሱ አቅጣጫ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይለማመዳት፤ ቴሌቪዥን ላይም፣ የግድግዳ ሰዓት ላይም። ስታወሩ ግንባራችሁን እያየ ያወራችኋል፤ አትቀየሙ፣ የሚያያችሁ በዚያ በኩል ነው።

አንድ ፍርሃት እዚህ ላይ ልቁረጥ። የደከመ ዓይንን ማሠራት አይጎዳውም። ቴሌቪዥን አፍንጫ ሥር ተቀምጦ ማየት፣ ወረቀት ዓይን ላይ አስጠግቶ ማንበብ የቀረውን እይታ አይጨርስም። ሊያደክም ይችላል፣ ያኔ ማረፍ ነው። ልጆችንም "ራቅ በል!" ብሎ መጮህ ይቅር፤ ጭላንጭል የሚያይ ልጅ ሲጠጋ ነገሩን እያገዘፈው ነው።

ሦስት፦ መብራት

በ60 ዓመት የዓይን መረብ ላይ (ከዓይን ኋላ ምስል የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ላይ) የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው። ልጅየው "እንዴት አይታይሽም፣ መብራት በርቷል እኮ" ሲል በራሱ ዓይን እየለካ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለውን አምፖል በትልቅ መቀየር ብዙ ለውጥ አያመጣም። የሚሠራው ብርሃኑን ወደ ሥራው ማቅረብ ነው። አንድ ሜትር ላይ ያለን መብራት ወደ ግማሽ ሜትር ስታቀርቡት ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ፈልጉ። የሚሻለው ዓይን ባለበት በኩል፣ ከትከሻ ጎን ይቁም። አምፖሉ ራሱ ለዓይን መታየት የለበትም፤ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይውደቅ። ኤልኢዲ አምፖል ስለማይግል ለፊት ሲጠጋ ይመረጣል።

መስኮትን ከኋላ ወይም ከጎን አድርጉት። ወደ መስኮት ዞሮ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ጥላ ብቻ ነው፤ እንግዳም ሲመጣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አስቀምጡት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አልጋ አጠገብ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ይንጠልጠል። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የሶላር መብራት መንገዱ ላይ ስቀሉ። ይህን ከማንኛውም መነጽር አስቀድማለሁ። ሌሊት ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ መልሶ መቆሙ ቀላል አይደለም።

አራት፦ ነጩን ከነጭ ለዩ

ብዙ ቤት የማይታሰበው ይህ ነው። ዓይን ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ነገሮች መለየት ነው። አይብ ነጭ ሳህን ላይ አይታይም። ቀይ ሽንኩርት ቡናማ መክተፊያ ላይ አይታይም፤ ነጭ መክተፊያ ላይ ግን ቁልጭ ይላል። ሁለት መክተፊያ ይኑር፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ነጭ ሽንኩርቱ በጥቁሩ ላይ ይከተፋል።

ቡናን ተመልከቱ። ዓይኗ ከደከመ ሴት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚቀማት ጀበናውን ነው፤ ትቃጠላለች ተብሎ። አክስቴ ግን ዛሬም ቡናዋን ራሷ ነው የምትቀዳው። ሲኒዎቹ ውስጣቸው ነጭ፣ አበባ የሌለባቸው ናቸው። ረከቦቱ ላይ ያለው ጥቁር ትሪ ነው፤ ስለዚህ የሲኒው ከንፈር ነጭ ክብ ሆኖ ይወጣል። ግራ እጇ ሲኒውን ከሥሩ ይይዘዋል፣ የጀበናው አፍ የሲኒውን ጠርዝ ቀስ ብሎ ይነካል፣ ከዚያ ነው የምታዘነብለው። ጥቁሩ ነጩን እየበላ ሲወጣ ይታያታል። ድምፁም ይረዳታል፤ ሲኒው ሲሞላ የሚንቆረቆረው ድምፅ ይቀጥናል። ትንሽ ቢፈስ ትሪው ይቀበለዋል። ሻይ በብርጭቆ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ለሻይም ውስጡ ነጭ የሆነ ኩባያ ተጠቀሙ። ለወተት ደግሞ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ኩባያ።

የምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ማዞሪያ ላይ "ጠፍቷል" የሚለው ቦታ አጠገብ ቀይ ወይም ነጭ የጥፍር ቀለም ደረብ ደረብ አድርጋችሁ ጣሉበት። ሲደርቅ በጣትም ይታወቃል። በርበሬን፣ ሚጥሚጣንና ሽሮን አፍንጫ ይለያቸዋል። ጨውና ስኳር ግን ሽታ የላቸውም። ቅርጹ የተለያየ ዕቃ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ባለ ማዕዘን።

ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለን። በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ። ጭላንጭል የሚያይ ሰው ባለበት ቤት ይህ ዛሬውኑ ይቁም። በራሱ ዕቃ፣ ከማዕድ ቤት ውጭ።

ገበታ ላይ "ሽሮው ወደ እርስዎ ነው፣ ጎመኑ በቀኝ እጅዎ በኩል" ብሎ መንገር ይበቃል። የውጭ አገር መመሪያዎች ሹካና ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ገጽ ሙሉ ያስረዳሉ። እኛ በእጃችን ስለምንበላ ከዚያ ተገላግለናል፤ ጣት ራሱ ያያል።

አምስት፦ ወለሉና ደረጃው

የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግራጫ በግራጫ ነው። ላይ ሆኖ ሲታይ አንድ ወጥ ተዳፋት ይመስላል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቢጫ መስመር ቀቡ። ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያስፈልግ ይሆናል፤ ማንም እምቢ የሚል አይመስለኝም። ሁሉን መቀባት ካልተቻለ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አይቅር። ሰው የሚወድቀው "ደረጃው አለቀ" ብሎ ሲያስብ ነው።

ቤት ውስጥ ደንቡ አጭር ነው። በር ወይ ጥርቅም ይበል ወይ ወለል ይበል፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይመታል። በርጩማ ከተቀመጡበት በኋላ ወደ ግድግዳ ይመለስ። ከሰል ማንደጃ መተላለፊያ ላይ አይቁም። ጠርዙ የሚነሣ ምንጣፍ ይውጣ። የበዓል ቀን ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ደፉ ይሸፈናል፣ ወለሉም ያንሸራትታል። ስለዚህ ደፉ አካባቢ ቄጠማውን አሳሱት። ከሁሉ በላይ ዕቃ ሳትነግሯቸው አታዛውሩ። ቤት አጽድቶ ማስዋብ ደስ ይላል፤ እሳቸው ግን ቤቱን በቃላቸው ነው የያዙት።

ስድስት፦ ጥቁር ካርቶን

ከማንበቢያ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ነጸብራቅ የሌለው ጥቁር ካርቶን፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል። መሃሉ ላይ ሁለት የጽሑፍ መስመር የምታህል ረጅም ቀዳዳ በምላጭ ቁረጡ። ገጹ ላይ ስታሳርፉት የሚታየው የምታነቡት መስመር ብቻ ነው። የወረቀቱ ንጣት ዓይን አይወጋም፣ መስመርም አይጠፋም። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሌላ ካርቶን ብትሠሩ ደግሞ ባንክ ላይ ፊርማ የሚውልበትን ቦታ ያሳያል።

የራሳችሁን ማስታወሻ በእስክሪብቶ አትጻፉት፤ በጥቁር ማርከር። ኮምፒውተር ላይ የምታትሙለት ሰው ካለ ፊደሉ ከ18 ነጥብ አይነስ፣ መስመሮቹም ይራራቁ። የፊደሉ ዓይነት ራሱ ለውጥ አለው። "ኒያላ" ላይ ቀጭኑ ቀጥኖ ይጠፋል፤ "ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ" ውፍረቱ እኩል ስለሆነ ይሻላል።

ሰባት፦ አሁን አጉሊ መነጽር

ሻጩ "አሥር እጥፍ ያጎላል" ሲላችሁ በዚያ አትተማመኑ። ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ሱቁ ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብላችሁ ግድግዳ አጠገብ ቁሙ። መነጽሩን በመስኮቱና በግድግዳው መካከል ያዙና የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት እስኪል ወደፊት ወደኋላ አድርጉት። ከመነጽሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሳንቲ ሜትር ለኩ። 100ን በዚያ ቁጥር ስታካፍሉ የመነጽሩ ኃይል በዳያፕተር ይወጣል። እሱን ለ4 ስታካፍሉ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ታገኛላችሁ። ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 10 ዳያፕተር ነው፣ ማለትም ሁለት ተኩል እጥፍ። 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 ዳያፕተር፣ አምስት እጥፍ። ሰሐን የሚያህል ሆኖ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር የለም። ኃይሉ ሲጨምር መስታወቱ ያንሳል፣ በአንድ ጊዜ የሚታየው ቃልም ያንሳል። ስለዚህ ሥራውን ከሚሠሩት መካከል ደካማውን ምረጡ።

ስትሞክሩት በአማርኛ ጽሑፍ ይሁን። በእንግሊዝኛ ፊደል ደህና ያነበበ መነጽር እኛ ጋ ሊያንስ ይችላል። በ"ቀ" እና በ"ቁ"፣ በ"ነ" እና በ"ኑ" መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት። መድኃኒት ቤት የጻፈውን፣ የጸሎት መጽሐፉን፣ የመብራት ቢሉን ይዛችሁ ሂዱ።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መነጽሩን ወረቀቱ ላይ አስተኙት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ፊደሉ እያበጠ ይመጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ይደበዝዛል። ከመደብዘዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ቦታ ነው ትክክለኛው። አሁን ዓይናችሁን ወደ መነጽሩ አስጠጉ። በተጠጋችሁ ቁጥር ብዙ ቃል ይገባል። ክንድን ዘርግቶ ከሩቅ ማየት ፊልም ላይ ነው የሚያምረው። እጅ ለሚንቀጠቀጥ ሰው እግር ያለው፣ ወረቀቱ ላይ የሚቆም ይሻላል፤ ከውስጡ መብራት ካለው ደግሞ እሰየው። ሁለት እጅ ነጻ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ስፌት ለሚሠራ፣ ኃይለኛ የማንበቢያ መነጽር አለ። ግን ባለ 10 ዳያፕተር መነጽር ያደረገ ሰው ሥራውን 10 ሳንቲ ሜትር ላይ አስጠግቶ መያዝ አለበት። ይህን ያልተነገረው ሰው "አይሠራም" ብሎ ይወረውረዋል።

አጉሊ መነጽር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ጨርቅ ያቃጥላል።

ለሩቅ ነገር፣ ለምሳሌ ለተማሪ ሰሌዳ፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለ። ለመራመድ አይሆንም፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነው። ልጁ ፊት ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ወደ ኋላው አድርጎ ይቀመጥ፣ መምህሩም ሲጽፍ እያነበበ ይጻፍ።

ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ልላክልሽ?" ካለ ኃይሉን በዳያፕተር ንገሩት። መሰኪያ ያለው ዕቃ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እዚያ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 መሆኑን አትርሱ። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውን ይላክ።

ስምንት፦ ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ

ስማርት ስልክ ያለው ሰው አጉሊ መነጽር አለው። የመድኃኒቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ በሁለት ጣት መለጠጥ ነው። እጅ አይንቀጠቀጥም፣ መብራትም አለው። አይፎን "ማግኒፋየር" የሚል መተግበሪያ አብሮት ይመጣል።

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ "አክሰሲቢሊቲ" የሚለውን ግቡ። ፊደሉን አግዝፉ፣ ደማቅ አድርጉት፣ ማጉያውን አብሩ። ብዙ ስልኮች ላይ ስክሪኑን ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ሲነኩት ይጎላል። አይፎን ላይ "ዙም" ከበራ በሦስት ጣት ሁለቴ ነው። ነጸብራቅ ለሚያስቸግረው ሰው ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል ዕረፍት ይሰጣል። ቴሌግራም የመልእክቱን ፊደል ለብቻው የሚያገዝፍበት ቦታ አለው። መጻፍ ለሚያታክተው ደግሞ ድምፅ መላክ አለ፤ እሱን እንኳ እናቶቻችን ከኛ ቀድመው ለምደውታል።

ማንበብ ጨርሶ ለሚያደክመው ስልኩ ራሱ ያንብብለት። አንድሮይድ ላይ "ቶክባክ" ይባላል። ለአማርኛ "ኢስፒክ ኤንጂ" የሚባል ነጻ አንባቢ አለ። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ለጆሮ እስኪለመድ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለችው ልጅ በቪዲዮ ስትደውል ካሜራውን ወደ መድኃኒቱ ማዞር። እሷ ታነበዋለች።

ስክሪን ሲገዝፍ ከኋላ ለቆመ ሰውም ይነበባል። የቴሌብር ፒን ስታስገቡ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። ለኖት የራሳችሁ አስተጣጠፍ ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ 200 በቁመቱ፣ 100 በወርዱ፣ 50 ሳይታጠፍ። መልስ ስትቀበሉ ሻጩ እየጠራ ይቁጠርላችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ እጠፉት።

ዘጠኝ፦ ከቤት መውጣት

ሰፊ ቆብ ወይም ጃንጥላ ቀን ላይ ብዙ ይረዳል። ጥቁር መነጽር ስትመርጡ በጣም የጨለመ አይሁን፤ የቀረውን ብርሃንም ይወስደዋል። ብዙ ሰው ቢጫ ወይም ቡናማ መስታወት ይስማማዋል። ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ ደፍ ላይ ቆም ብሎ ዓይን እስኪለምድ መጠበቅ ነው።

ታክሲ ላይ ረዳቱ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ስለሚጮህ የኛ ከተማ ትራንስፖርት በጆሮ ይታወቃል። አውቶቡስ ነው የሚያስቸግረው፤ ሰው መጠየቅ ነው።

ስለ ነጭ በትር። "ጭላንጭል እያየሁ እንዴት በትር እይዛለሁ?" የሚል ብዙ ነው። በትሩ ጨርሶ ላላየ ብቻ የተሠራ አይደለም። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ምሽት ላይ የተቆፈረ መንገድ፣ ከፍና ዝቅ ያለ ጠርዝ፤ እነዚህን በትሩ ከእግር ቀድሞ ያገኛቸዋል። ሾፌሩም ያያችኋል። ቀን ቀን አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ሲመሽ ዘርጉት። ስለ በትሩም ስለ ሥልጠናውም የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ።

የምትመሩ ከሆነ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትግፉ። ክርናችሁን ስጧቸው፣ እሳቸው ይያዙ፣ ግማሽ እርምጃ ቅደሙ። ቤት ስትገቡ ደግሞ "እስቲ ማን ነኝ?" የሚለው ጨዋታ ይቅር። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ከሥራ መጣሁ" በሉ።

አሥር፦ የሌለ ሰው ሲታይ

ይህን ብዙ ሰው ደብቆ ይኖራል። እይታው በጣም የደከመ ሰው አንዳንዴ የሌለ ነገር ያያል። ግድግዳ ላይ አበባ፣ መረብ የመሰለ ጥለት፣ ትናንሽ ሰዎች፣ የማያውቀው ፊት። ድምፅ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይታያሉ፣ ይጠፋሉ። እኛ ጋ ወዲያው ዛር ነው፣ መንፈስ ነው፣ ወይም አእምሮዋ ነካ አድርጓታል ይባላል። ሴትየዋም ይህን ፈርታ ትንፍሽ አትልም።

ነገሩ ሻርል ቦኔ በተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ ስም ይጠራል፤ በ1760 እ.ኤ.አ. በአያቱ ላይ ያየውን ጽፎ ነበር። ከዓይን የሚላከው ምስል ሲቀንስበት አእምሮ ክፍተቱን በራሱ ይሞላል። እብደት አይደለም። ሲመጣ መብራት ማብራት፣ ዓይንን ደጋግሞ ማርገብገብ ወይም ግራ ቀኝ ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ያባርረዋል። የምታየው እውን እንዳልሆነ ካወቀች ማረጋጋት ይበቃል፤ ለዓይን ሐኪሙ ግን ንገሩት። ድምፅም የምትሰማ ከሆነ፣ ወይም እውን ነው ብላ ከተከራከረች፣ ያ ሌላ ነገር ስለሆነ ለሐኪም ይታይ። እናንተም እሷ እስክታነሣው አትጠብቁ። "እንዲህ ያለ ነገር ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ይታያል ይባላል፣ አንቺስ?" ብላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ጠይቋት።

በመጨረሻም ለቤተሰቡ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደህና እያየ ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን መረቡ ይታይ። በቤቱ ግላኮማ የተገኘበት ሰው ካለ ደግሞ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋቸዋል። ግላኮማ ሲጀምር አያምም፣ አይታወቅም። በተለይ 40 ዓመት ያለፋችሁ፣ እናታችሁን ለቀጠሮ ይዛችሁ ስትሄዱ የናንተም ዓይን ግፊት በዚያው ይለካ፣ ሐኪሙም የዓይናችሁን ነርቭ ይይላችሁ።